እህቴን ከሆስፒታል ወደ ቤት የመለስንበት በጋ

እህቴ በአርብ ገበያ ዙሪያ ባሉት ደብሮች ሁሉ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሷ ነው። ሟቹን ባታውቀው እንኳ ከዘመዶቹ ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ እንደ ነበር፣ ምን ሳይጨርስ እንደ ቀረ። ያንን ሰምታ ስትነሣ፣ ለወጉ ብቻ የመጣው ሰው ሁሉ ከልቡ ያለቅስ ነበር።

እናታችን እኔን በጡት ትታኝ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ተድራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ አዝላኝ ሄደች። እኔም በተራዬ አግብቼ፣ ሳልወልድ ባሌ ሲሞትብኝ የተመለስሁት እሷው ቤት ነው። ስለዚህ እህቴ ስል እናቴም ማለቴ ነው። እታለም ነበር የምላት። ባሏን ደግሞ አያ እለዋለሁ፤ ዝምተኛ፣ ጠንካራ ገበሬ ነበር። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ እሷንም ወደ ስማዳ ድረዋት፣ በዚያን ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ንፋስ መውጫ ላይ አንድ ድሬሰር ያለበት ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ ለወባ ኪኒን ይሰጣል። ከዚያ ለከፋ ሕመም ግን በጉና ብርድ ውስጥ አልፎ ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ መሄድ ነው። ከእኛ አገር ወደዚያ የሄደ ጥቂት ነበር፤ በእግሩ የተመለሰ ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

በኅዳር ገብሱ ተወቅቶ፣ እኔና እሷ በአውድማው ዳር ምርቱን በሰፌድ ስናነፍስ ግራ እጇን ማንሣት እንዳቃታት አየሁ። ብጠይቃት ብርድ ነው አለችኝ። ከዚያ ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ ቀሚሷ በደረቱ በኩል እድፍ ይዞ አገኘሁት፤ ብፈትገው የማይለቅ፣ የሚሸት እድፍ። ከድንጋዩ ላይ አስቀምጬ እንድታሳየኝ ለመንኋት። መቀነቷን ፈትታ፣ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ገለጠችልኝ። ጡቷ ጠጥሮ፣ ከጎኑ ተከፍቶ ይመግል ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ መሆኑን ነገረችኝ።

ለምን እንደ ደበቀችኝ ብጠይቃት ጨርቁን መልሳ እየጠቀለለች፣ «ስንቷን በዚህ ቀብሬ የለም? እንዴት እንደሚጀምር አውቀዋለሁ» አለችኝ።

ለአያ የነገርሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጠበል ወሰዳት፤ ሱባዔ ያዘችበት። ቁስሉ ግን እየሰፋ፣ ክንዷም እያበጠ ሄደ። ከገና በኋላ አያ የመንደሩን ጎልማሶች ለምኖ ቃሬዛ አሠራና ጉዞ ጀመርን። ተሸካሚዎቹ እየተፈራረቁ፣ እኔ ስንቅና ውኃ ተሸክሜ ከኋላ እየተከተልሁ፣ ንፋስ መውጫን አልፈን ጉና ሥር ስንደርስ ብርዱ ከንፈራችንን ሰነጠቀው። እሷ ከቃሬዛው ሆና ለተሸካሚዎቹ ታዝን ነበር። አንዱ ሲያነክስ ድምፁን ሰምታ አውርዱኝ አለች፤ እግሩን የወጋውን እሾህ ካላወጣ አልሄድም አለች።

የሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል ረጅም ነበር። የብረት አልጋዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ከበሩ በላይ የጃንሆይ ሥዕል ተሰቅሏል። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ የሚናገረውን የምትተረጉመው ከሸዋ የመጣች ነርስ ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ሐኪሙ እህቴን ከመረመረ በኋላ አያንና እኔን ወደ ግቢው አወጣን። ነቀርሳ መሆኑን፣ ወደ ብብቷና ወደ ሳንባዋም መዝለቁን፣ ቢላዋ ምንም እንደማይፈይድ ሲስተር ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ነገረችን። አያ ሰምቶ ሲያበቃ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም እንዳይነግራት። ሰው ተስፋ ከቆረጠ ከሕመሙ በፊት ይሞታል አለ። እኔንም አስማለኝ። ወደ ክፍሉ ተመልሶም ሐኪሙ በፋሲካ ትድናለች ብሏል አላት። እሷ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

አያ ከብቱንና እርሻውን ለማየት ከተሸካሚዎቹ ጋር ሲመለስ እኔ ለማስታመም ቀረሁ። ከአልጋዋ ሥር ሰሌን አንጥፌ አድራለሁ፤ ቀን በግቢው ጥግ ከሌሎቹ አስታማሚዎች ጋር እሳት አንድጄ ሽሮ አበስላለሁ። ሲስተር ጧትና ማታ እህቴን መርፌ ትወጋታለች። ያን መርፌ ከዚያ በፊት ባላየሁትም፣ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ፊቷን ማየት በቂ ነበር። በሕመም የተቋጠረው ግንባሯ ቀስ እያለ ይፈታል፤ ከዚያ ትተኛለች፣ ወይም ታወራለች። ጨርቁ ሲለወጥ የሚወጣው ሽታ ያሳፍራት ስለነበር ሌሎቹን በሽተኞች ይቅርታ ትጠይቃለች። ሲስተር ግን አፍንጫዋን ሸፍና አታውቅም። እኔንም አጠገቧ አቁማ አስተማረችኝ፤ ውኃው በጨው ፈልቶ እንዲቀዘቅዝ፣ ጨርቁ ሳይጎተት ርሶ እንዲላቀቅ፣ ከታጠበ በኋላ ቁስሉ ንጹሕ ማር እንዲቀባ።

ከአጠገባችን ያለው አልጋ ላይ የተኛችው የአርብ ገበያ ነጋዴ ሚስት ነበረች፤ ሙስሊም ናት። ሆዷ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እህቴ ከሷ ሱቅ ስንት ዓመት ጨውና ክር ገዝታለች፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እዚያ አልጋ ላይ ነው የተዋወቁት። አንዷ የሌላዋን ወጥ አትቀምስም፤ የሽምብራ ቆሎ ግን ከአንድ ሰፌድ ይቆረጥሙ ነበር። ባሏ በገበያና በሆስፒታል መካከል ይመላለሳል፤ ልጆቻቸው ከአያታቸው ዘንድ ናቸው። የሚያስታምማት ስላልነበረ ውኃ የምቀዳላትና የማገላብጣት እኔ ነበርሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባሏ ገበያ እንዳለ፣ ያቺ ሴትዮ ሞተች። በሆስፒታል ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነው፤ ደግሞም የሚያለቅስላት ዘመድ አልነበረም። አንሶላ አልብሰዋት ሲወጡ እህቴ ተነሥታ እንድትቀመጥ እንድደግፋት ጠየቀችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ ከእኛ አልጋ በማያልፍ ድምፅ ጀመረች፤

ካልጋሽ እስካልጋዬ ክንድ አይሞላም ነበር፣
ምነው ዛሬ ራቀ ያንቺ ቤት ያንቺ አገር።

ሲስተር ልታስተዋት መጥታ ነበር መሰለኝ፤ ግን ከሁለቱ አልጋዎች መካከል ደርሳ ቆመች። ሌሎቹ በሽተኞችም ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ያለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። ባልዬው የመንገዱ አቧራ ከላዩ ሳይራገፍ የገባው እንዲህ እያለን ነው። ማንም አልነገረውም፤ እህቴን ሲያይ ገባው። ከሚስቱ እግር ሥር ቆመና፣ «የምትወደውን ልንገርሽና ጨምሪላት» አላት። ውኃ መሻገር እንደምትፈራ፣ በሣቋ ከሩቅ እንደምትለይ፣ የመጨረሻ ልጇ ገና ጡት እንዳልተወ ነገራት። እህቴም አንድ በአንድ በግጥም አድርጋ አለቀሰችላት። ሲነጋ ሬሳውን ይዞ ሲሄድ በሩ ላይ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ወደ ቤቴ መልሱኝ ማለት ጀመረች። አያ ሊጠይቃት ሲመጣ አንሄድም አለ፤ እዚህ መርፌው አለ፣ እዚያ ምን አለ? በዚህ መሐል ሲስተር ገባች። እህቴ እጇን ይዛ ከአልጋው ጫፍ አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ ይኸ መርፌ ያድነኛል?» አለቻት።

ሲስተር መጀመሪያ አያን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን። ከዚያ ዐይኗን ወደ እህቴ መለሰች። «አያድንዎትም። ሕመሙን ያስተኛዋል እንጂ» አለች።

አያ ተነሥቶ ወጣ። እህቴ አልደነገጠችም፤ የሲስተርን እጅ አልለቀቀችም። ሲስተር ቀስ ብላ፣ ቤቷ ከሄደች ይኸ መርፌ እንደማይኖር፣ ሕመሙ ሲመጣ የሚደርስላት እንደማይኖር አስረዳቻት። እህቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

«አውቄዋለሁ፤ ልጄ ግን አራስ ናት፤ እስከዚህ ድረስ ልትመጣልኝ አትችልም። ቤቴ ከሆንሁ ትደርስልኛለች» አለች።

እውነትም ከስማዳ ወሬ ደርሶን ነበር፤ ልጅቱ ወንድ ወልዳለች። አርባው ቀን ሞልቶ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አትወጣም። እህቴ የምትቆጥረው ያንን ነበር።

ሲስተር ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ በቡናማ ጠርሙስ ፈሳሽ መድኃኒት ይዛልን መጣች። ለእኔ ነው ያስረከበችኝ። በማንኪያ እንዴት እንደምሰጣት አሳየችኝና፣ «ካመማት በኋላ አትስጪያት፤ ሕመሙ ሳይቀድምሽ ቅደሚው» አለችኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አያ እምቢታውን ትቶ፣ ተሸካሚዎቹን አምጥቶ በቃሬዛ ስንመልሳት ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ጎረቤቱ በሙሉ ሊጠይቃት ይመጣል፤ ሁሉም እግዜር ይማርሽ ብሎ፣ ጥቂት ተቀምጦ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ አውርቶ ይሄዳል። ከምግብ ወተት ብቻ ነበር የሚወርድላት፤ ጾም ነው ብላ እምቢ አለች። የንስሐ አባቷ የቤተ ልሔም ደብር ካህን ናቸው፤ ሽማግሌ ነበሩ። ከዚያ ድረስ በእግራቸው መጥተው ከመደቧ ጎን ተቀመጡ። ለታመመ የተፈቀደ ነው፣ ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን አሏት። እሷም እሳቸው ባሉበት አንድ ጉንጭ ጠጣች። መጽሐፈ ቀንዲል አደረሱላት፤ ቅብዐ ቅዱሱን ግንባሯና እጆቿ ላይ ሲቀቧት ዐይኗን ጨፍና ነበር። ንስሐዋን ስትናዘዝ ሁላችንንም አስወጡን። ስንመለስ ፊቷ ጠርቶ አገኘሁት።

ከአያ ጋር ግን ነገሩ እንዲህ አልሆነም። እሱ ከሆስፒታሉ የሰማውን እንዳልሰማ አድርጎ ይኖር ነበር። ስለሚመጣው ዓመት ያወራላታል፤ ለልጅ ልጃችን ድግስ የምትጠነስሺው ጠላ እያለ። አንድ ጊዜ እጁን ይዛ፣ «እኔ የሄድሁ እንደሆነ…» ብላ ስትጀምር፣ ተይ እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ ብሎ ትራሷን አስተካክሎላት ተነሣ። ሌላ ጊዜም ሞከረች፤ ያን ጊዜም ባቄላውን ስለ መታው ዋግ አወራላት። ከዚያ ወዲያ እሷም ተወችው። ሲገባ ፈገግ ትልለታለች፤ እሱ ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

መድኃኒቱ ከጠበቅነው በላይ ቆየ። ለምን እንደ ቆየ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳደርስላት፣ አሁን ደኅና ነኝ፣ ቆይ፣ ትለኛለች። ግንባሯ ላቦት ጠብ ሲል አያታለሁ። ነጠላዋን ነክሳ ስታቃትት ከጓዳ ሰማሁና ጠርሙሱን ይዤ መጣሁ፤ እጄን ገፋችው።

«ለልጄ አስቀምጪልኝ። ስትመጣ እንደዚህ እንድታየኝ አልፈልግም» አለችኝ።

ተቆጣኋት፤ አለቀስሁም። እሷ ግን አልተበገረችም። ጎረቤት አረቄ አጠጧት አለን፤ አጠጣናት፤ አስመለሳት። ሌላው የጋለ ጨርቅ አለ፤ እሱም አላስታገሠላትም። ቀን ቀን እንኳ የምትነካበት ገላ አልነበራትም፤ ሕመሙ ወደ ጀርባዋ አጥንት ገብቶ ነበር። ድምፅ ላለማውጣት ስትል ከንፈሯ ቆሰለ።

አያ ከተማ ሄዶ ሌላ መድኃኒት ለማምጣት ቢነሣም እሷን ጥሎ መራቁን ፈራ። አንድ አርብ ገበያ ወርዶ ያንን ነጋዴ አገኘው። ነጋዴው ስለ እህቴ ጠየቀው፤ አያም እንዴት እንደ ሆነች ነገረው። ነጋዴው ሸቀጥ ሊያመጣ ወደ ከተማው ይሄድ ነበር። ነገሩን ሰምቶ በዚያው ቀን በቅሎውን ጭኖ ተነሣ። ሲስተር ታውቀው ነበርና ሌላ ጠርሙስ ሰጠችው፤ ሲመለስም ወደ ሱቁ ሳይገባ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ከቤት ግባ ብንለው አልገባም፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ጠርሙሱን ከኮሮጆው አወጣና ሰጠኝ። አያ እንዴት እንደሚያመሰግነው ጠፋበት። ሰውየው፣ «ለባለቤቴ ዘመድ የሆነቻት እሷ ናት» ብሎ በቅሎውን ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላዘንሁላትም፤ ፀሐይ ስትወጣ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ትፈልግ አትፈልግ ማንኪያውን ይዤ እቆማለሁ። ሲስተር እንዳለችው ሕመሙን ቀደምነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሷን እንዳበጥርላት ጠየቀችኝ። ሹሩባ ሠራሁላት፤ ፀጉሯ ሳስቶ ነበርና ቀጫጭን ሆነ። የምትለብሰውን ቀሚስ ለልጇ፣ ድሪዋን ለእኔ፣ ጋቢዋን ለአንዲት ደኻ ጎረቤት ተናዘዘች። ፋሲካ ደረሰ፤ ለመፈሰኪያ ጥቂት ቅቤ በጣቴ አቀመስኋት።

ልጅቱ የመጣችው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። አማቷ በበቅሎ አስቀምጠው፣ ሕፃኑን አሳዝለው ላኳት። ከመግባቷ በፊት ከውጭ ያዝኋትና እንዳትጮኽ ነገርኋት። ገብታ እናቷን ስታይ ተንበርክካ እግሯን ሳመች። እህቴ ጤነኛ ክንዷን ዘረጋችላት። ሕፃኑን በዚያው ክንዷ ላይ አስተኛንላት፤ አሸተተችው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰችው፣ የአባቴ ጆሮ ነው ያለው አለች። ሁለቱ ብዙ አወሩ። እኔ ምጣዱን ወይም እንጨቱን ሰበብ እያደረግሁ እወጣላቸው ነበር። የሰማሁት ጥቂት ነው። ከእነዚያ አንዱ፣ ልጅቱ ስታለቅስ እህቴ ያለቻት ነው፤ «አሁን አልቅሺ፣ እኔ ሳለሁ። ኋላ ለሰው ብለሽ እንዳታለቅሺ።»

እንዲህ ሆነን ከሳምንት በላይ ኖርን። በሽተኛ ያለበት ቤት ቢሆንም ሣቅም ነበረበት። ሕፃኑ ሲያነጥስ እህቴ ትሥቃለች፤ ስትሥቅ ያስላታል፤ ውኃ አጠጣታለሁ። አያም ማታ ማታ ከእርሻ ሲገባ ሕፃኑን ያቅፍ ነበር፤ ለእሷ ግን እንደ ወትሮው፣ ዛሬ ደኅና ነሽ፣ ፊትሽ ጥሩ ነው ይላታል።

የሞተችው ጧት ነው። አያ ወጥቶ ነበር፤ የግንቦት እርሻ ደርሶ። ልጅቱ ከመደቡ ላይ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች። እኔ መድኃኒቱን ልሰጣት ቀና ሳደርጋት ትንፋሿ ተለውጦ አገኘሁት፤ ረጅም፣ የሚዘገይ ትንፋሽ ነበር። ማንኪያውን አስቀምጬ ራሷን ክንዴ ላይ አደረግሁ። ሕመም ፊቷ ላይ አልነበረም። ልጅቱ ሕፃኑን ጡት ሳታስጥል የእናቷን እጅ ያዘች። ቀጣዩን ትንፋሽ ስንጠብቅ ቀረ።

አያን የጠራሁት እኔ ነኝ። ከማሳው ዳር ቆሜ ተጣራሁ። በሬዎቹን እንደ ተጠመዱ ትቷቸው ሮጠ።

ለቀብሯ ከጋይንትም ከእስቴም ሰው መጣ። ሌሎች አልቃሾች መጥተው ነበር፤ አንዷ ጀምራ ድምፅዋ ተቆረጠ። ለሷ የምትሆን ግጥም የሚያወጣ ጠፍቶ አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ያለቅስ ነበር። ነጋዴው ከጥቂት የሃይማኖቱ ሰዎች ጋር መጥቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ እስኪያልቅ ጠበቀ።

ልጅቱ ከእናቷ አርባ በኋላ ወደ ባሏ ተመለሰች። እስከ ወንዙ ሸኝቻት ስመለስ ቤቱ ውስጥ አያና እኔ ብቻ ቀረን። ራት አቅርቤለት አልበላም። እሳቱን እያየ፣ ያን ጊዜ ከሐኪሙ የሰማነውን ነግሬያት እንደ ነበር ጠየቀኝ። አልነገርኋትም፤ ሲስተር ከመናገሯም በፊት፣ እኔ ቁስሉን ከማየቴም በፊት ታውቀው ነበር አልሁት።

«እሱን አይደለም። እኔ ከመጀመሪያው እንደማውቅ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር» አልሁት።

አያ አንገቱን ደፋ። «እንዳላስፈራት ብዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ደኅና ሁኚ ሳልላት ቀረሁ» አለ።

ሞሰቡን ከፊቱ አነሣሁና ክዳኑን ገጥሜ ወደ ጓዳ አስገባሁት፤ ስመለስ እዚያው እንደ ተቀመጠ ነበር። እሳቱ እስኪከስም ድረስ ከጎኑ ተቀመጥሁ።